ስለ ቡገንቪላ ተክልና በሐረር ግቢዎች ስለ አያያዙ

በሐረር ከሸዋ በር ወጥቶ ወደ አዲሱ ከተማ የሚሄድ ሰው በየአጥሩ ላይ ተንጠልጥሎ የሚያየው የወይን ጠጅ መልክ ያለው አበባ ቡገንቪላ ይባላል። አንዱ ግቢ በበጋ ወራት ቅጠሉ እስኪጠፋ ድረስ አበባ ለብሶ ይታያል፤ ጎረቤቱ ግን በዐይነትም በዕድሜም እኩል የሆነ ተክል ይዞ ሳለ አረንጓዴ ቅጠል ብቻ ያያል። ባለቤቱም ተክሉ የተጠማ መስሎት ጧትና ማታ ውኃ ያጠጣዋል፤ ፍግም ይጨምርለታል። እንዲህ ባደረገ ቁጥር ቅጠሉ ይበረታል እንጂ አበባው አይመጣም። ነገሩ የዕድል ሳይሆን የአያያዝ ነውና፣ የከተማ ልማት የሚመለከታቸው ሹማምንት ቢያውቁት ይጠቅማል፤ ይልቁንም ውኃ በብዙ ድካም በሚገኝበት በሐረር።

የሐረር ሕዝብ ለብዙ ዘመን ውኃ ያገኝ የነበረው ከሐረማያ ሐይቅ ነበር። ይህ ሐይቅ በዙሪያው ለጫትና ለአትክልት መስኖ ሲቀዳ፣ ለከተሞች ሲሳብ፣ ከተራራው የሚወርድ ደለልም ሲሞላው እየሸሸ ሄዶ በ1990ዎቹ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ደረቀ። በቅርብ ዓመታት በከፊል ቢመለስም፣ ከተማው ተስፋውን በእርሱ ላይ መጣል አልቻለም፤ ከድሬዳዋ ቆላ የከርሰ ምድር ውኃ በመኪና ኀይል ተገፍቶ ሽቅብ ወደ ደጋው እንዲወጣ ሆነ። ይህን ያህል ወጪ የተደረገበትን ውኃ ለጌጥ ተክል ማፍሰስ የሚያሳዝን ነው፤ ተክሉ ውኃውን የማይፈልገው ሲሆን ደግሞ ይብሳል።

የቡገንቪላ የትውልድ አገሩ ደቡብ አሜሪካ ነው። በፈረንጆች አቆጣጠር በ1767 ዓመት ዓለምን የሚዞረው የፈረንሳዊው የባሕር አለቃ የቡገንቪል መርከብ ከብራዚል ወደብ ከሪዮ ዴ ጃኔሮ በደረሰ ጊዜ፣ ከእርሱ ጋር የነበረው የዕፀዋት ሊቅ ፊሊቤር ኮሜርሶን ተክሉን ሰበሰበው፤ በአለቃውም ስም ተጠራ። የሊቁ ረዳት ዣን ባሬ የወንድ ልብስ ለብሳ የተሳፈረች ሴት ነበረች፤ ዓለምን እንደ ዞረች የምትታወቀው የመጀመሪያዪቱ ሴት እርስዋ ናት። ተክሉም ከዚያ በኋላ ፀሓይ ወዳለበት አገር ሁሉ ተዛመተ። ሰው አበባ የሚለው ባለ ቀለሙ ነገር በእውነቱ አበባ ሳይሆን እንደ ወረቀት የሣሣ ቅጠል ነው፤ አበባው በሦስቱ ቅጠሎች መካከል የተሸሸገው ትንሹና ነጣ ያለው ቱቦ ነው።

ቡገንቪላ ሙቀት ወዳድ ነው። ከባሕር ወለል 1,200 ሜትር ያህል ከፍ ባለችው በድሬዳዋ ያለ ብዙ ጥበቃ ይፈነድቃል። ሐረር ግን ከ1,800 ሜትር በላይ ናትና ሌሊቱ ይቀዘቅዛል፤ ስለዚህ የሚተከልበትን ስፍራ መምረጥ ግድ ነው። በቀን ቢያንስ ስድስት ሰዓት ፀሓይ የሚያገኝ፣ ከነፋስም የተከለለ ቦታ ይሻለዋል። በዛፍ ጥላ ሥር የተተከለ ቡገንቪላ ብርሃን ፍለጋ እየረዘመ እሾህና ቅጠል ብቻ ይሆናል። ዝናብ በበዛበት ወራት ተክሉ ያድጋል፤ ዝናቡ ቆሞ መሬቱ ሲደርቅ ያብባል። ስለዚህ ሥር የሰደደ ተክል በበጋ አፈሩ በጣት ሲነካ ደረቅ እስኪሆን ድረስ ውኃ ባይነካው ይሻላል፤ ሲጠጣም አንድ ጊዜ በደንብ ጠጥቶ እንደ ገና እስኪደርቅ ይቆይ። ፍግ ሲበዛበትም ቅጠል እንጂ አበባ አይሰጥም። አዲስ የተተከለው ግን ሥሩን እስኪሰድ ድረስ ከውኃ መለየት የለበትም፤ በዚህ ተሳስተው ችግኙን በመጀመሪያው በጋ የሚያደርቁ ብዙ ናቸው።

የሚራባው በቅርንጫፍ ነው። እንጨት መሆን ከጀመረ፣ እርሳስ ከሚያህል ቅርንጫፍ አንድ ስንዝር ያህል ከአንጓ በታች ይቈረጣል፤ የታች ቅጠሉ ተለቅሞ ሁለት አንጓ ያህል አሸዋ በበዛበት አፈር ውስጥ ይቀበራል፤ በጥላ ሥር እርጥበቱ ሳይለየው ይጠበቃል። ብዙው ስለሚከስም አምስት የፈለገ ዐሥር ይትከል። ችግኙ በቆርቆሮ ያደገ እንደ ሆነ፣ ሥሩ በቀላሉ ተሰባሪ ነውና ግንዱን ይዞ መንቀል አይገባም፤ ቆርቆሮውን ቀድዶ ከነአፈሩ ማውረድ ነው።

በጀጎል ውስጥ ግን ነገሩ ሌላ ነው። በአሚር ኑር ዘመን በ16ኛው መቶ ዓመት እንደ ተሠራ በሚነገረው ግንብ የታቀፈው ይህ ከተማ፣ በ1998 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ ተብሎ ተመዝግቧል። የቤቶቹና የግቢዎቹ ግድግዳ በአብዛኛው በድንጋይና በጭቃ የተሠራ ነው። በግድግዳው ሥር ተክል ተክሎ ውኃ ማፍሰስ ጭቃውን ማሟሟት ነው፤ ቅርንጫፉም ሲከብድ ጫፉን ይጫነዋል። ነጭ በተቀባ ግድግዳ ላይ ቀይ አበባ ማማሩ አይካድም፤ ነገር ግን የፈረሰን ግድግዳ አበባ አያቆመውም። በጀጎል የሚመቸው በትልቅ የሸክላ ጋን ወይም በተቈረጠ በርሜል መትከል ነው፤ ታቹ ተበስቶ፣ ከግድግዳው አንድ ክንድ ያህል ርቆ፣ ፀሓይ በሚገባበት በግቢው መካከል ይቀመጥ። ይህ ተክል ሥሩ ሲጠብበት አበባው ይበዛልና በዚህ የሚጎዳ ነገር የለም፤ የበርሜል አፈር ግን ፈጥኖ ስለሚደርቅ ከመሬቱ ተክል ይልቅ ቶሎ ቶሎ ይታይ።

አበባ የሚይዘው በአዲሱ ቅርንጫፍ ላይ ስለሆነ፣ አበባው ካለፈ በኋላ የበልግ ዝናብ ሲቃረብ ይገረዛል። ከግርዛቱ የሚገኘው ደህናው ቅርንጫፍ ለጎረቤት ወይም ለትምህርት ቤት ግቢ ዘር ይሆናል። የቀረው እሾሃማ ስለሆነ በጠባቦቹ መንገዶች ላይ አይጣል፤ በዚያ ሕፃናት በባዶ እግራቸው ይሮጣሉ፤ አህያም ተጭና ታልፋለች። በአንድ ስፍራ ተከምሮ ሲደርቅ ይቃጠል፤ የሚገርዘውም ሰው ወፍራም ጓንት ያድርግ።