ወለሉ ተጠርጥሮ ነበር

ደቡብ ለንደን፣ አንዲት የአገራችን ሴት ቤት ውስጥ፣ የኤሌክትሪክ ኮምቢ ቦይለሩ በየጥቂት ቀኑ ይቆማል። የቧንቧውን ውሃ የሚያሞቀውም፣ ከወለሉ ሥር በተቀበረው የፕላስቲክ ቱቦ ሙቅ ውሃ የሚያዞረውም እሱ ስለሆነ፣ ሲቆም የቧንቧውም ውሃ ቤቱም ይበርዳል። የውሃውን ግፊት የሚያሳየው ጌጅ ከ1 ባር በታች ወርዶ ይገኛል፤ እትዬ በተነገራቸው መሠረት የመሙያውን ቫልቭ ከፍተው ውሃ ሲጨምሩ ይነሣል። ከዚያ ደግሞ ያው ነው።

ውሃው የት ይሄዳል? ያየው ሁሉ ወለሉን ጠረጠረ። ፓርኬው ይነሣ፣ ሲሚንቶው ይሰበር የሚል ምክርም መጣ።

አብሬው የሄድኩት የማሞቂያ ባለሙያ ግን መዶሻ አላነሣም። ወለሉ እስኪበርድ ጠብቆ፣ ውሃውን ለወለሉ ቱቦዎች የሚያድለውን የማከፋፈያውን ቫልቮች ዘግቶ ቱቦዎቹን ከቦይለሩ ለየና ሄደ። በማግስቱ የማከፋፈያው ጌጅ ንቅንቅ አላለም። ወለሉ ነፃ ወጣ።

ቀጥሎ ቫልቮቹን ከፍቶ ቦይለሩን አስነሣና ጌጁ ፊት ቆመ። ውሃው እየሞቀ ሲሄድ መርፌው 2 ባርን አለፈ፤ ወደ 3 ተጠጋ። ያኔ ወደ ውጭ ወጣን። ከግድግዳው ብቅ ያለች ቀጭን የመዳብ ቱቦ ጠብ ጠብ ትላለች፤ ከሥሯ ያለው ጡብ በኖራ ነጥቷል። የለንደን ውሃ ኖራ ይበዛበታልና ያ ነጭ መስመር የብዙ ሳምንት ምስክር ነበር። ቱቦዋ የምትመጣበት የቦይለሩ ሴፍቲ ቫልቭ 3 ባር ላይ ይከፈታል፤ ውሃው የሚያልቀው በዚያ ነው።

ውሃ ሲሞቅ ይሰፋል፤ 100 ሊትር ከ10 ወደ 45 ዲግሪ ቢሞቅ 1 ሊትር ገደማ ይጨምራል። ይህን ትርፍ የሚቀበለው ቦይለሩ ውስጥ ያለ፣ በጎማ ለሁለት የተከፈለ የብረት ታንከር ነው፤ በአንድ በኩል ውሃ፣ በሌላው አየር። ባለሙያው እንደ መኪና ጎማ ያለውን የአየር ቫልቭ ተጫነ። ውሃ ቢተፋ ታንከሩን የሚከፍለው ጎማ ተቀድዷል ማለት ነበር። ምንም አልወጣም፤ አየሩ አልቋል። ኤሌክትሪኩን ቆርጦ፣ ውሃውን ወደ ባልዲ አውርዶ ግፊቱን ዜሮ አድርሶ፣ በእጅ ፓምፕ አየር ሞላው።

እኔን ይበልጥ ያስደነቀኝ ግን ባልዲው ውስጥ የወረደው ውሃ ነው፤ እንደ ቡና አተላ የጠቆረ። ማግኔት ሲያስጠጋ ጥቁሩ ዝቃጭ ተጣበቀበት፤ የብረት ዝገት ነው። ጀርመኖች ይህን ዝቃጭ ቀድመው ያውቁታል፤ በቀድሞዎቹ የወለል ማሞቂያዎች ኦክስጅን በፕላስቲኩ ግድግዳ ሰርጎ እየገባ ብረቱን ይበላ ነበር። ስለዚህ ዲአይኤን 4726 የተባለው ደረጃቸው ገደብ አበጀ፤ በ40 ዲግሪ፣ ለአንድ ሜትር ኩብ ውሃ በቀን ከ0.1 ግራም ኦክስጅን በላይ እንዳያልፍ። ቱቦ ሠሪዎችም ኦክስጅን የሚያግድ ስስ ሽፋን ጨመሩ።

ባለሙያው ማከፋፈያው ሥር ተንበርክኮ ባትሪ አበራ። የእትዬ ቱቦ ላይ ያው ቁጥር ታትሟል። ታዲያ ኦክስጅኑ በየት ገባ? በየጊዜው ከሚጨመረው አዲስ ውሃ ጋር ነዋ! ኖራውም አብሮ እየገባ በማሞቂያው ብረት ላይ ይጋገር ነበር። ቦይለሩን ለማስነሣት የተመከረው መፍትሔ ራሱ ከውስጥ ይበላው ነበር ማለት ነው፤ ይህን ቀድሞ የሚነግር ሰው አለመኖሩ ያሳዝናል።

ቱቦዎቹ ታጠቡ፣ የዝገት መከላከያ ፈሳሽና የማግኔት ማጣሪያ ገባ። አሁን ጌጁ ሲበርድ 1.2፣ ሲሞቅ 1.6 ያሳያል። ባለሙያው የመሙያውን ቱቦ ነቅሎ ለእትዬ ሰጣቸው። “ጌጁ ከወረደ ውሃ ከመጨመርዎ በፊት ይደውሉልኝ” አላቸው፤ “በየዓመቱም የታንከሩን አየር እያየሁ እሄዳለሁ።”