ስስትና ንፍገት (የአማርኛ ቃላት)

ስስት እና ንፍገት ያለን ነገር ለሌላው አለማካፈልን የሚገልጹ የአማርኛ ቃላት ናቸው። በዕለት ንግግር አንዱ በሌላው ቦታ ቢነገርም፣ ስስት ይበልጡን ስሜቱን፣ ንፍገት ደግሞ ድርጊቱን ያመለክታል።

ትርጉም

ስስት በግዕዝ «ሥሥዕት» ከሚባለው ቃል ጋር አንድ ሥር አለው። ግሡ ሳሳ ነው፤ «ቀጠነ» ከሚለው ሳሳ ጋር በአጻጻፍ ቢመሳሰልም በትርጉም ይለያል። ስስታም ሰው ያለው እንዳያልቅበት ይሰጋል። ይሁን እንጂ ቃሉ ሁልጊዜ ነቀፋ አይደለም። «የስስት ልጅ» ሲባል በጣም የሚወደድ፣ እንዳይታጣ የሚፈራለት ልጅ ማለት ነው። «በስስት ዓይን አየችው» ሲባልም ፍቅርን ይገልጻል።

ንፉግ ግን እንዲህ ያለ በጎ ትርጉም የለውም። ነፈገ ማለት መስጠት እየተቻለ ከለከለ ማለት ሲሆን፣ ከምግብና ከገንዘብ አልፎ «ፍትሕ ተነፈገ» እንደሚባለው ለመብትም ያገለግላል።

ተዛማጅ ቃላት

• ስግብግብ፦ ከድርሻው በላይ ለመውሰድ የሚጣደፍ። ዋጋ ሲንር «ስግብግብ ነጋዴ» የሚለው አባባል በዜና ይዘወተራል።
• ሆዳም፦ ብዙ የሚበላ፤ በፖለቲካ ንግግር ደግሞ ለጥቅም ብሎ ዓላማውን የሚሸጥ።
• ቋጣሪ፦ «ቋጠረ» ከሚለው ግሥ የወጣ፤ ገንዘቡን አጥብቆ የሚይዝ።
• ገብጋባ፣ ቆንቋና፦ ለመስጠት እጁ የማይፈታ።

«ቆጣቢ» ከእነዚህ የተለየ የምስጋና ቃል ነው።

በኅብረተሰቡ ዘንድ

ምግብ ላይ ያለ ሰው መንገደኛ ሲያይ «እንብላ» ማለት የተለመደ ነው፤ ዝም ማለት በስስት ያስጠረጥራል። «ብቻውን የበላ ብቻውን ይሞታል» የሚለው ምሳሌያዊ አነጋገርም ይህንኑ ያስጠነቅቃል።

ቆቦንና ዋጃን በያዘው የራያ ቆላ ዋናው ሰብል ማሽላ ሲሆን፣ ምርቱ በዝናብና ከተራራ በሚወርድ ጎርፍ ላይ ይመሠረታል። በ1977 ዓ.ም. ረሃብ እንደታየው ዝናብ ሲቀር ብዙ ቤት የሚያካፍለው አይኖረውም። የሌለው ሰው ንፉግ አይባልም፤ ቃሉ የሚነገረው ጎተራው እህል እያለው ለከለከለ ነው። ለዘር የሚሆነውን ለይቶ ያስቀመጠ ገበሬም ቆጣቢ እንጂ ስስታም አይደለም።

በሌሎች ቋንቋዎች

በደቡብ ቻይናና በሆንግ ኮንግ በሚነገረው ካንቶንኛ ስስታም ሰው «ጉ ሆን» ይባላል፤ የሁለቱ ፊደላት ጥሬ ትርጉም «ብቸኛ» እና «ብርዳማ» ነው። «ብቻውን የሚበላ አይወፍርም» የሚል ተረትም አላቸው። በሁለቱም ቋንቋዎች አለማካፈል ከብቸኝነት ጋር ተያይዟል።