የልጆቻችሁ ፎቶ ለሐኪም የሚናገረው ነገር



ዛሬ የምናወራው ሁላችሁም እጅ ላይ ስላለ ነገር ነው፦ ስልካችሁ ውስጥ ስላሉት የልጆቻችሁ ፎቶዎች። ሲስቅ፣ ሲተኛ፣ ገንፎውን ፊቱ ላይ ለቅልቆ፣ በክርስትናው ቀን፣ ለኢድ አዲስ ልብስ ለብሶ፣ የታላቁን ጫማ አጥልቆ... ጋለሪያችሁ በዚህ የተሞላ ነው። እናንተ ፎቶውን ለትዝታ ታነሱታላችሁ፤ እኔ ደግሞ እንደ ሐኪም ቀን የተጻፈበት ማስረጃ አድርጌ አየዋለሁ።

ክሊኒክ ውስጥ "ይሄ ነገር ከመቼ ጀምሮ ነው?" ብዬ ስጠይቅ በብዛት የማገኘው መልስ "ኧረ ዶክተር፣ በቅርቡ ነው" የሚል ነው። እኔም "እስቲ የክርስትናውን ፎቶ እንየው" እላለሁ። ወደ ኋላ እየሄድን ስናይ "በቅርቡ" የተባለው ነገር አንዳንዴ ከወራት በፊት ጀምሮ እዚያው ፎቶው ላይ ይገኛል።

ይሄ የወላጅ ቸልተኝነት አይደለም። በየቀኑ የምናየው ልጅ ቀስ እያለ ሲለወጥ ዓይናችን ይለምደዋል። ለዚህም ነው "ይሄ ልጅ ምን ሆኗል?" የሚለው ጥያቄ ብዙ ጊዜ ከሩቅ የሚመጣው፤ ዋሽንግተን ወይም ዱባይ ሆና ፎቶው በወር አንዴ ከሚደርሳት አክስት። እንዲህ ያለ ጥያቄ ሲመጣ "ሟርት" ብላችሁ አትለፉት። ፎቶዎቹን አውጥታችሁ አስተያዩ።

ታዲያ ምን ምን እንይ?

1. በፍላሽ ሲነሳ የዓይኑ ብሌን ነጭ የሚሆን ልጅ

ከሁሉም በላይ ይሄን እንድትይዙልኝ እፈልጋለሁ። በፍላሽ ፎቶ ስናነሳ ብርሃኑ በዓይን ብሌን አልፎ ከኋላ ያለውን፣ በደም ስር የተሞላውን ሬቲና መትቶ ይመለሳል። ስለዚህ ብሌኑ ቀይ ወይም ብርቱካንማ ሆኖ ሊወጣ ይችላል። ዋናው ነገር ሁለቱም ዓይኖች ተመሳሳይ መሆናቸው ነው። አንዱ ቀይ ሆኖ ሌላው ነጭ፣ ቢጫማ ወይም እንደ ድመት ዓይን የሚያበራ ከሆነ ጥያቄ ያስነሳል።

ከምክንያቶቹ አንዱ ሬቲኖብላስቶማ የሚባል የዓይን ካንሰር ነው። በልጆች ላይ ከሚታዩ የዓይን ውስጥ ካንሰሮች በብዛት የሚገኘው እሱ ሲሆን፣ አብዛኞቹ ልጆች የሚያዙት 5 ዓመት ሳይሞላቸው ነው። ልጁን አያመውም፣ አያስለቅሰውም፣ ይጫወታል፣ ይበላል። ስለዚህ ወላጅ ይዘገያል። በጊዜ ከተደረሰበት ግን ሕይወትን፣ ብዙ ጊዜም ዓይንን ማትረፍ ይቻላል። ሲዘገይ ከዓይን አልፎ ወደ አንጎልና ወደ ሌላው ሰውነት ይሄዳል።

አንድ እውነተኛ ታሪክ ልንገራችሁ። ብራያን ሾው አሜሪካ ቴክሳስ ውስጥ በቤይለር ዩኒቨርሲቲ የኬሚስትሪ ተመራማሪ ነው። ባለቤቱ የልጃቸው ዓይን ፎቶ ላይ ነጭ ሆኖ መውጣቱን አስተውላ፣ ልጁ በ4 ወሩ ሬቲኖብላስቶማ እንዳለበት ታወቀ። አንዱ ዓይኑ በቀዶ ሕክምና ወጣ፣ ሌላኛው ተረፈ። አባትየው በኋላ የቤተሰቡን ፎቶዎች አንድ በአንድ ሲመረምር ነጩ ነገር ልጁ ገና የ12 ቀን ጨቅላ ሳለ ጀምሮ ይታይ ነበር። ከዚያ በመነሳት ከባልደረቦቹ ጋር በስልክ ውስጥ ያሉ ፎቶዎችን የሚፈትሽ አፕ ሠሩ። በ2019 ባወጡት ጥናት አፑ የዓይን ችግር ከነበረባቸው 20 ልጆች በ16ቱ ላይ ምልክቱን በፎቶ አግኝቷል፤ ያውም ሐኪም ከመለየቱ በአማካይ ከአንድ ዓመት በላይ ቀድሞ። አራቱን ግን አላገኘም። ስለዚህ "ፎቶው ላይ ምንም የለም" ማለት "ዓይኑ ጤነኛ ነው" ማለት አይደለም።

በሌላ በኩል ነጭ ነጸብራቅ ሁሉ ካንሰር አይደለም። ልጁ ወደ ጎን ሲያይ ብርሃኑ የዓይን ነርቭ ላይ አርፎ ጤነኛ ዓይንም ነጭ ሊመስል ይችላል። በልጆች ላይ የሚከሰት የዓይን ሞራም ነጭ ያደርገዋል፤ እሱም ቢሆን ቶሎ መታከም ያለበት ነው።

👉 ምን ታደርጋላችሁ? ደብዘዝ ያለ ክፍል ውስጥ፣ ፍላሽ አብርታችሁ፣ ልጁ ቀጥታ ካሜራውን እያየ ጥቂት ፎቶ አንሱ። "ቀይ ዓይን አጥፋ" የሚለውን የካሜራ ማስተካከያ ዝጉት። ነጩ ነገር በተለያዩ ፎቶዎች በዚያው ዓይን ላይ ከተደጋገመ ሳትውሉ ሳታድሩ ወደ ዓይን ሐኪም ውሰዱት። ደግማችሁ ስታነሱ ባይታይም፣ አንዴ ካያችሁት አሳዩት። ምርመራው ዓይንን አስፍቶ ማየት ነው። አዲስ አበባ ውስጥ ዳግማዊ ምኒልክ ሆስፒታል የዓይን ሕክምና፣ ጥቁር አንበሳ ደግሞ የሕፃናት ካንሰር ሕክምና ክፍል አላቸው። ክፍለ ሀገር ያላችሁ ደግሞ አቅራቢያችሁ ካለ ሆስፒታል ሪፈር አስጽፉ።

2. ሸውራራ ዓይንና ሁሌ የሚያዘነብል አንገት

ጨቅላ ልጅ በመጀመሪያዎቹ ሦስት አራት ወራት ዓይኑ አልፎ አልፎ ቢሸሽ የተለመደ ነው። ከዚያ በኋላ ግን "ሲያድግ ይተወዋል" ተብሎ አይጠበቅም። አንጎል የሸሸውን ዓይን መጠቀም ይተዋል፣ ዓይኑም ይሰንፋል። ሕክምናው ደግሞ በለጋ ዕድሜ ሲጀመር ነው በደንብ የሚሠራው።

ፎቶ እዚህ ላይ በጣም ይጠቅማል። ልጁ ካሜራውን ቀጥታ ሲያይ ብሌኑ ላይ የምትታየዋን ትንሽ የብርሃን ነጥብ ተመልከቱ። በሁለቱም ዓይኖች እኩል ቦታ ላይ ናት? የአፍንጫቸው ድልድይ ሰፊ የሆነ ሕፃናት ሳይሆኑ ሸውራራ ሊመስሉ ይችላሉ፤ የእነሱ ነጥብ ግን እኩል ነው።

ሌላው፣ በሁሉም ፎቶ ላይ አንገቱን ወደ አንድ ጎን የሚያዘነብል ልጅ ነው። "ሲያምርበት!" እያልን የምናልፈው አቀማመጥ የአንገት ጡንቻ ማጠር ወይም የዓይን ጡንቻ ድክመት ሊሆን ይችላል። የዓይን ሐኪሞች የድሮ የቤተሰብ አልበም አምጡ የሚሉት ለዚህ ነው።

3. "ጉንጩ ሞላ" የተባለ ልጅ

እኛ ዘንድ ልጅ ወፈረ ማለት ደስታ ነው። ነገር ግን መወፈርና ማበጥ ይለያያሉ። ጠዋት ሲነሳ የዓይኑ ቆብ አብጦ፣ ቀን ላይ ቀለል የሚል ከሆነ፣ ሽንቱም አረፋ ካለው፣ ኩላሊቱ ፕሮቲን እያፈሰሰ ሊሆን ይችላል። ሁለቱም እግሮቹ አብጠው፣ በጣት ሲጫኑት የሚሰረጉድ ከሆነ ደግሞ ከባድ የምግብ እጥረት ሊሆን ይችላል። ፊቱ ሞልቶ እጁና ትከሻው የሚከሳ ልጅ አልወፈረም።

ከአንድ ወር በፊት የተነሳውንና የዛሬ ጠዋቱን ፎቶ ጎን ለጎን አድርጉ። ጥርጣሬ ካላችሁ ቀላል የሽንት ምርመራ ብዙውን ይመልሳል። እድገቱን ግን በፎቶ አትለኩ፤ የሚለካው በሚዛንና በቁመት መለኪያ ነው።

4. ቢጫነት እና የካካ ቀለም

አዲስ የተወለደ ልጅ ቢጫነት (በተለምዶ የወፍ በሽታ የምንለው) በፎቶ አይለካም። አምፖሉ፣ የግድግዳው ቀለም፣ የስልኩ ካሜራ ሁሉ ያሳስታል። በቀን ብርሃን የዓይኑን ነጭ ክፍልና ድዱን እዩ። በተወለደ በ24 ሰዓት ውስጥ ከታየ፣ መዳፍና ውስጥ እግሩ ከደረሰ፣ ወይም ጡት አልጠባ ካለ በዚያው ቀን ሐኪም ቤት! ፀሐይ ማሞቅ ይሄን አያክመውም።

በፎቶ ሊያዝ የሚገባው የዳይፐሩ ነው። አዎ፣ ካካው። ሁለት ሳምንት አልፎት አሁንም ቢጫ የሆነ ልጅ ካካው እንደ ኖራ የነጣ ወይም የገረጣ ከሆነ፣ ሽንቱም ከጠቆረ፣ የሐሞት ቱቦው ተዘግቶ ሊሆን ይችላል። ቀዶ ሕክምናው የተሻለ ውጤት የሚሰጠው ልጁ 60 ቀን ሳይሞላው ሲሠራ ነው። ታይዋን ከ2004 ጀምሮ ለእናቶች የካካ ቀለም ማነጻጸሪያ ካርድ በአገር አቀፍ ደረጃ የምታድለው ቀኑ እንዳያልፍ ነው። ስለዚህ አትፈሩ፣ ዳይፐሩን በቀን ብርሃን አንስታችሁ አምጡልን። እኛ ሐኪሞች አንጸየፍም!

5. እግሩ የተቀወሰ ልጅ

እስከ ሁለት ዓመት አካባቢ እግር ወደ ውጭ ቀስት መምሰሉ፣ ከዚያ ሦስት አራት ዓመት ላይ ጉልበት ለጉልበት መነካካቱ በአብዛኛው የእድገት ሂደት ነው። የሚያሳስበው ቅስቱ እየጨመረ ሲሄድ፣ አንዱ እግር ብቻ ሲሆን፣ ወይም የእጅ አንጓው ከሰፋና ጥርስ ከዘገየ ነው። ያኔ በቫይታሚን ዲ እጥረት የሚመጣውን ሪኬትስ እንጠረጥራለን። "የሰው ዓይን እንዳይነካው" ተብሎ ተሸፋፍኖ ቤት የሚውል ልጅ ለዚህ ይጋለጣል። ልጁን መጠበቃችሁ ደግ ነው፤ ግን ግቢያችሁ ውስጥም ቢሆን ፀሐይ ያግኝ። በየሦስት ወሩ ቀጥ ብሎ ቆሞ፣ እግሩ ተገልጦ አንድ ፎቶ አንሱ። ቅስቱ እየጨመረ ነው ወይስ እየቀነሰ የሚለውን እሱ ይነግረናል።

6. ቪዲዮ የሚያስፈልግበት ጊዜ

አንዳንድ ነገር ሐኪም ፊት አይታይም። ቤት ሲያንቀጠቅጠው ያደረ ልጅ ክሊኒክ ሲደርስ ይስቃል።

👉 ማንቀጥቀጥ፦ መጀመሪያ ልጁን በጎኑ አስተኙት። አፉ ውስጥ ምንም አታስገቡ፣ ክብሪትም አታሽትቱት። ከዚያ ሌላ ሰው ይቅረጽ። ቪዲዮው ስንት ደቂቃ እንደቆየም ይነግረናል። 5 ደቂቃ ካለፈ ስልኩን ትታችሁ ወደ ሐኪም ቤት ሩጡ።

👉 ከ3 እስከ 12 ወር ያለ ሕፃን፣ በተለይ ከእንቅልፍ ሲነቃ፣ እጁን ዘርግቶ ወይም አንገቱን ደፍቶ ብልጭ ብሎ የሚጠፋ መኮማተር በተከታታይ ከደጋገመው፣ "ደንግጦ ነው" ወይም "ቁርጠት ነው" ብላችሁ አትለፉት። ቅረጹና በፍጥነት አሳዩ። የአንጎልን እድገት የሚጎዳ የሚጥል በሽታ ዓይነት ሊሆን ይችላል።

👉 አተነፋፈስ፦ ልጁ ሳያለቅስ፣ ደረቱ ተገልጦ አንድ ሙሉ ደቂቃ ቅረጹና ቁጠሩ። ከ2 ወር በታች 60 እና ከዚያ በላይ፣ ከ2 እስከ 12 ወር 50 እና ከዚያ በላይ፣ ከ1 እስከ 5 ዓመት 40 እና ከዚያ በላይ ከሆነ ፈጣን ነው፤ በዚያው ቀን ይታይ። ደረቱ ከታች ወደ ውስጥ ከተሰረጎደ፣ ከንፈሩ ከጠቆረ ወይም መጥባትና መጠጣት ካቃተው ቪዲዮ የሚያስቀርጽ ጊዜ የለም።

👉 እድገት፦ በድሮ ቪዲዮ "እማ" ይል የነበረ፣ ስሙን ሲጠሩት ይዞር የነበረ፣ ቻው ይል የነበረ ልጅ ዛሬ ከተወው ይሄ ሁልጊዜ መታየት አለበት። አንድ ዓመት ሳይሞላው ሁሌ በአንድ እጁ ብቻ የሚጠቀም ከሆነም እንዲሁ። የሌላኛው እጅ ድካም ሊሆን ይችላል።

ለሐኪም የሚሆን ፎቶ እንዴት ይነሳል?

✔ መስኮት አጠገብ፣ በቀን ብርሃን። ማሳመሪያ ፊልተር አጥፉ፤ የቆዳውን ቀለም ይለውጠዋል።
✔ ሽፍታ ሲሆን አንድ ከቅርብ፣ አንድ ከራቅ ብሎ። በየቀኑ አንድ ጊዜ፣ ከተመሳሳይ ቦታ።
✔ የተነሳበት ቀን አይጥፋ። በቴሌግራም ስትልኩ "ፋይል" አድርጋችሁ ላኩት፣ ጥራቱ አይቀንስም። ከሌላ ሰው የተላከላችሁ ፎቶ የሚያሳየው ቀን የደረሰበት እንጂ የተነሳበት ላይሆን ይችላል።
✔ ለሕመም የተነሱትን በአንድ ፎልደር አስቀምጡ። ወረፋው ሲደርስ 3,000 ፎቶ ውስጥ መፈለግ ይቀራል።

አንድ አደራ ደግሞ አለኝ። የታመመ ወይም ልብስ ያልለበሰ ልጅ ፎቶ ግሩፕ ላይ አትለጥፉ፤ እዚህ ገጽ ኮሜንት ላይም ቢሆን። ልጁ ነገ ያድጋል፣ ፎቶው ግን ከሰው ስልክ አይጠፋም። ለሚያክመው ሐኪም ብቻ አሳዩ።

በመጨረሻም፣ ፎቶ ሐኪምን ያግዛል እንጂ ሐኪምን አይተካም። "ዶክተር፣ ፎቶውን አይተህ መድኃኒት ጻፍልኝ" ለምትሉኝ መልሴ ሁሌ አንድ ነው፦ ልጁን አምጡት፣ ፎቶውንም ይዛችሁ ኑ።

ዛሬ ማታ ልጆቹ ሲተኙ አሥር ደቂቃ ወስዳችሁ ጋለሪያችሁን ከመጀመሪያው እዩት። መጀመሪያ ዓይናቸውን። አብዛኞቻችሁ የምታገኙት ሳቅና ትዝታ ብቻ ይሆናል፤ እሰየው! አንድ ነጭ ብሌን ካያችሁ ግን ነገ ጠዋት ቀጠሮ ያዙ።

ትናንሽ ልጆች ላሏቸው ወዳጆቻችሁ አጋሩላቸው።