ሳይቃጠል በቅጠል፦ ጥርሳችንን የሚጎዱ የዕለት ተዕለት ልማዶች

ስለ ጤና በሚነሣበት ጊዜ ጥርስ ብዙውን ጊዜ የመጨረሻውን ስፍራ ይይዛል። ዓይኑ የደከመበት ሰው ፈጥኖ ወደ ሐኪም ሲሄድ፣ ጥርሱን የሚያመው ግን ነጭ ሽንኩርት ነክሶ ወይም የማስታገሻ ክኒን ውጦ ያድራል። ወደ ሕክምና የሚደርሰው እንቅልፍ ሲያጣና ጉንጩ ሲያብጥ ነው፤ በዚያን ጊዜም ብዙውን ጊዜ የሚቀረው ምርጫ ጥርሱን መንቀል ብቻ ይሆናል። ይሁን እንጂ ጥርስን ለዚህ ከሚያበቁት ምክንያቶች አብዛኞቹ ሳናስተውል በየቀኑ የምንፈጽማቸው ልማዶች ናቸው። ልማድ ደግሞ ሊታረም ይችላል።

ጥርስ እንዴት ይበላሻል?

የጥርስ ውጫዊ ሽፋን ኢናሜል ይባላል። ከሰውነታችን ክፍሎች ሁሉ እጅግ ጠንካራው እርሱ ነው፤ ሆኖም ሕያው ሕዋስ ስለሌለው፣ እንደ ተሰበረ አጥንት መልሶ አይገጥምም። በአፋችን ውስጥ የሚኖሩ ባክቴሪያዎች በጥርስ ላይ የቀረውን ስኳር እየተመገቡ አሲድ ያመነጫሉ። አሲዱም የኢናሜሉን ማዕድን ያሟሟል። ምራቅ ይህን አሲድ እያለዘበ ጥርስን ይጠብቃል፤ ነገር ግን ሥራውን ለመፈጸም ጊዜ ያስፈልገዋል። እንግዲህ በልማድ «የጥርስ ትል» እየተባለ የሚነገረው ትል ሳይሆን የዚህ አሲድ ሥራ ነው።

ከመጠኑ ይልቅ ድግግሞሹ

ከላይ ከተገለጸው የምንረዳው፣ ጥርስን የሚጎዳው የስኳሩ መጠን ብቻ ሳይሆን በቀን ስንት ጊዜ እንደምንወስደው ጭምር መሆኑን ነው። ከምግብ ጋር አንድ ብርጭቆ ጣፋጭ ሻይ የጠጣ ሰው ለምራቁ የማረፊያ ጊዜ ይሰጠዋል። ከጠዋት እስከ ማታ በየሰዓቱ ስኳር የበዛበት ሻይ ወይም ለስላሳ መጠጥ የሚጎነጭ ሰው ግን ጥርሱን ቀኑን ሙሉ በአሲድ ውስጥ ያቆየዋል። ጫት ከስኳርና ከለስላሳ መጠጥ ጋር ለረጅም ሰዓት መቃምም እንዲሁ ነው። ስለዚህ ጣፋጭ ነገር ከምግብ ሰዓት ጋር እንዲሆን፣ በመካከሉም ንጹሕ ውኃ እንዲጠጣ እንመክራለን። ሕፃንን ስኳር የተጨመረበት ሻይ ወይም ወተት በጡጦ አጉርሶ ማስተኛት ከሁሉ የከፋ ነው፤ በእንቅልፍ ጊዜ ምራቅ ስለሚቀንስ የፊት ጥርሶቹ ገና በለጋነታቸው ይበላሻሉ።

ጥርስ መሣሪያ አይደለም

የጠርሙስ ክዳን በጥርስ መክፈት፣ ክር በጥርስ መበጠስ፣ መርፌና ምስማር በጥርስ ይዞ መሥራት፣ አጥንት መቆርጠም በብዙዎቻችን ዘንድ የተለመዱ ናቸው። ኢናሜል ጠንካራ ቢሆንም እንደ ብርጭቆ ይሰነጠቃል። ስንጥቁ ዛሬ ባይታይም፣ ከወራት በኋላ ቀዝቃዛ ውኃ ሲነካው ይሰማል። ቆሎ ከመብላታችን አስቀድሞ ጠጠሩን መልቀም፣ ሸንኮራ አገዳን በጥርስ ከመላጥ ይልቅ በቢላዋ መላጥ ቀላል ጥንቃቄዎች ናቸው። በጥርስ መካከል የገባውንም ሥጋ በመርፌ መጎርጎር ድድን ያቆስላል፤ ስቴኪኒም ቢሆን በቀስታ ሊያዝ ይገባል።

በመልካም ሐሳብ የሚፈጸም ጉዳት

ጥርስን የሚያጸዱ ሰዎችም ሳያውቁ ሊጎዱት ይችላሉ። አንዳንዶች በከሰል ወይም በአሸዋ ይፈገፍጉታል፤ ይህ ለጊዜው ቢያነጣውም ሽፋኑን ይልጠዋል። ሎሚ ወይም ለስላሳ መጠጥ ከወሰዱ በኋላ ወዲያውኑ መቦረሽም አሲዱ ያለሰለሰውን ሽፋን ይፍቃል፤ በውኃ ተጉመጥምጦ 30 ደቂቃ ያህል መቆየት ይሻላል። ከአባቶቻችን የወረስነው የወይራ መፋቂያ ጥሩ መሣሪያ ነው፤ ጫፉ ታኝኮ ሲለሰልስ፣ የመንጋጋ ጥርስን በውስጥም በውጭም ሲያዳርስ፣ ድድንም ሳያደማ ሲያጸዳ ጥቅም ይሰጣል። የፊቱን ጥርስ ብቻ ፍቆ መተው ግን ግማሽ ሥራ ነው።

ከሁሉ ይልቅ የሚያሳዝነን ግግ ማውጣት የሚባለው ጎጂ ልማድ ነው። ሕፃን ሲያስቀምጠውና ሲያተኩሰው፣ በድዱ ውስጥ ያበጠው ገና ያልበቀለ ጥርስ የበሽታው ምክንያት ነው ተብሎ በስለት ይወጣል። ተቅማጡ ግን ባብዛኛው ከንጹሕ ያልሆነ ውኃ፣ ምግብና እጅ የሚመጣ እንጂ ከጥርስ አይደለም። ድርጊቱ ሕፃኑን ለደም መፍሰስና ለቁስል መመረዝ ያጋልጠዋል፤ ከሥሩ የሚጠብቀውንም ቋሚ ጥርስ ያበላሻል። እናቶች ሆይ፣ ጡት ማጥባት አታቋርጡ፤ ኦ.አር.ኤስ. የተባለውን ሕይወት አድን ንጥረ ነገር እየሰጣችሁ ሕፃኑን ወደ ጤና ጣቢያ ውሰዱት።

በስምጥ ሸለቆ አካባቢ ለሚኖሩ ወገኖቻችንም አንድ ነገር እንጨምራለን። በዚያ የሚታየው የጥርስ መቡነን የንጽሕና ጉድለት ሳይሆን ከጉድጓድ ውኃ የሚገኝ የፍሎራይድ መብዛት ውጤት ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ያስቀመጠው ወሰን በ1 ሊትር 1.5 ሚሊግራም ነው። ውኃን ማፍላት ተሕዋስያንን ይገድላል እንጂ ፍሎራይድን አያስወግድም። ስለዚህ በተለይ ቋሚ ጥርሳቸው ገና በድድ ውስጥ በመፈጠር ላይ ላለ ሕፃናት፣ የተመረመረ የውኃ ምንጭ ወይም ንጹሕ የዝናብ ውኃ ማግኘት ያስፈልጋል።

ምን እናድርግ?

ጠዋትና ማታ ከመኝታ በፊት በየጊዜው 2 ደቂቃ ያህል ጥርስን ማጽዳት፤ የጥርስ ብሩሽን በ3 ወይም በ4 ወር መቀየር፤ የልጆችን ጥርስ ከመጀመሪያዋ ጥርስ አንሥቶ መንከባከብ፤ የወተት ጥርስ «ይወድቃል» ተብሎ እንዳይናቅ መጠንቀቅ ይገባል። በ6 ዓመት ገደማ ከኋላ የሚበቅለው መንጋጋ ጥርስ ምንም የወተት ጥርስ ሳይወድቅለት ስለሚወጣ፣ ብዙ ወላጆች ጊዜያዊ እየመሰላቸው ይተዉታል፤ እርሱ ግን ቋሚ ነው፤ ቢነቀል ምትክ የለውም።

በጥርስ ላይ ጥቁር ነጥብ ሲታይ፣ ቀዝቃዛ ነገር ሲሰማን ወይም ድድ ሲደማ፣ ሕመሙ ሳይጠና ወደ ባለሙያ እንሂድ። ትንሹን ቀዳዳ መሙላት ጥርሱን ያተርፋል፤ የዘገየ ግን ጥርሱን ያጣል። ሳይቃጠል በቅጠል እንዲሉ፣ ዛሬ በቤታችን የምናርመው አንድ ልማድ ነገ ልጆቻችንን ከብዙ ሥቃይ ያድናቸዋል።