ሱፍ የሌለበት ጉንጉን ሹራብ

የሆሳዕና የክረምት ጠዋት ወፍራም ሹራብ ያስለብሳል፤ ከተማዋ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,000 ሜትር ከፍ ብላ ነው የተቀመጠችው። ከሀደሮም ሆነ ከዱራሜ ተነሥታ የሹራብ ክር የምትገዛ ሴት ግን በአገራችን ገበያ በአብዛኛው የምታገኘው አክሪሊክ ነው። በግ ጠፍቶ አይደለም። የመንዝ በግ ፀጉር ባናና በርኖስ ሲሆን ኖሯል፤ ሸካራ በመሆኑ ግን ለአንገት አይመችም። ስለዚህ ሱፍ የሚቆረቁራቸው የውጭ አገር ሰዎች «ያለ ሱፍ ጉንጉን ሹራብ ይሠራል ወይ?» እያሉ የሚጨነቁበት ጉዳይ ለእኛ ባለሙያዎች የዘወትር ሥራ ነው።

ለጉንጉን ሹራብ ከሚመረጡት ክሮች አንዱ ትዊድ ነው፤ ይህ ክር በአንድ ቀለም መካከል ሌላ ቀለም ያላቸው ጥቃቅን ነጠብጣቦች አብረው የተፈተሉበት ነው። ስሙን ያተረፈው በስኮትላንድና በአየርላንዱ ዶኒጎል በሱፍ ነው። ሱፍ የሌለበት ትዊድ ብዙ ጊዜ ዋናው ክር አክሪሊክ፣ ነጠብጣቡ ቪስኮስ ይሆናል። ሻጩ ሱፍ ነው ካለ ቅንጣቢ ክር ማቃጠል ነው፦ ሱፍ እንደ ፀጉር ይሸታል፤ አክሪሊክ ይቀልጥና ጠንካራ ጥቁር ፍሬ ይሆናል።

ጉንጉኑ ሲያዩት ያስፈራል እንጂ ሥራው ቀላል ነው። ስድስት ቀለበት ላይ ስንደርስ ሦስቱን በአጭር መርፌ ወደ ፊት እናቆያለን፤ ቀጣዮቹን ሦስት እንሠራለን፤ ከዚያ ያቆየናቸውን እንሠራለን። ወደ ፊት ያቆየነው ጉንጉን ወደ ግራ፣ ወደ ኋላ ያቆየነው ወደ ቀኝ ያዘነብላል። በየስድስት ወይም በየስምንት ረድፉ ሲደጋገም የቃጫ ገመድ ይመስላል። ግራና ቀኙን ሁለት ሁለት ቀለበት በጀርባው ዓይነት ከሠራነው ደግሞ ጎልቶ ይወጣል።

የሱፍ ጥቅም የሚታወቀው ቀለበቶቹ በሚሻገሩበት ቦታ ላይ ነው። ሱፍ ሲሳብ ተለጥጦ ይመለሳል፤ አክሪሊክ እንደዚያ አይመለስም፤ ጥጥ ይባስ ብሎ በክብደቱ ወደ ታች ይወርዳል። ስለዚህ በአክሪሊክ ላላ አድርጎ መሥራት፣ ክሩም ስለሚያንሸራትት የእንጨት ወይም የቀርከሃ መርፌ መያዝ ይሻላል። ጉንጉን ሥራውን ያጠብባል፤ በልሙጥ ሥራ 100 ቀለበት የሚበቃው ደረት በጉንጉን 115 ወይም 120 ሊጠይቅ ይችላል። መለኪያውን ቁራጭ በልሙጡ ሳይሆን በራሱ በጉንጉኑ ሠርቶ፣ አጥቦና አድርቆ መለካት የግድ ነው። ነጠብጣቡ ከዋናው ቀለም በጣም ከተለየ ዓይን ወደ እሱ ይሄድና ያ ሁሉ ድካም ይደበቃል። እኔ ብመርጥ ፈካ ያለ ግራጫ ወይም የወተት ቀለም፣ ነጠብጣቡም ለዘብ ያለ፣ ጉንጉኑም ሰፊ ይሁን እላለሁ።

ጉንጉን ሹራብ የታወቀው በአየርላንድ አራን ደሴቶች ነው። እያንዳንዱ ቤተሰብ የራሱ ጉንጉን ነበረው፣ የሰጠመ ዓሣ አጥማጅም በሹራቡ ይለይ ነበር ይባላል። የወሬው ምንጭ ጆን ሚሊንግተን ሲንግ በ1904 በአውሮፓ አቆጣጠር ለመድረክ ያበቃው ተውኔት እንደሆነ ይታመናል፤ እዚያም ቢሆን አስከሬኑ የተለየው በካልሲ ነው። ሹራቡን ዝነኛ ያደረገው ለገበያ የሠሩት ሴቶች እጅ ነው፤ ከአፈ ታሪኩ ይልቅ ይህ ሊነገርላቸው ይገባል።

አክሪሊክ በሙቀት ይጎዳል። ትኩስ ካውያ ካረፈበት ጉንጉኑ ይዘረጋል፤ ዳግም አይነሣም። ከሁሉ የሚያሳስበኝ እሳት ነው፦ ሲቀልጥ ቆዳ ላይ ስለሚጣበቅ በእንጨት ምድጃ ለሚበስልበት ቤት ልብስነት አይሆንም፤ ጉልቻ አጠገብ ለሚጫወት ሕፃንም በፍጹም አይሠራለት። እጥበቱ ቀላል ነው፤ ለብ ባለ ውኃና በሳሙና ታጥቦ፣ ሳይንጠለጠል ጠፍጣፋ ነገር ላይ ይሰጣል።

ክሩን ሲገዙ ለሙሉ ሹራብ የሚበቃውን በአንድ ጊዜ መውሰድ፣ መጠቅለያው ላይ የታተመው የማቅለሚያ ዙር ቁጥርም አንድ መሆኑን ማየት ያስፈልጋል። ከጎደለና ሌላ ቁጥር ከተገኘ ሁለቱን ጥቅል በየሁለት ረድፉ እያፈራረቁ መሥራት ነው፤ ትዊድ ስለሆነ ልዩነቱን ነጠብጣቡ ይሸፍነዋል።