ስለ ዕዳና ስለ ተስፋ መቍረጥ

በዛሬው የቤተ ሰብ ገጻችን የምንናገርበት ጕዳይ ብዙ ሰው ሊያነሣው የሚፈራው ነው። ነገር ግን የሸፈኑት ቍስል ከውስጥ ያመረቅዛልና መናገሩን መርጠናል።

ሰው ነፍሱን በገዛ እጁ ሲያጠፋ ብዙዎች «ድኽነት ገደለው» ይላሉ። ኤሚል ዱርኬም የተባለው የፈረንሳይ ሊቅ በ1897 (በአውሮጳ አቈጣጠር) ባሳተመው መጽሐፍ፣ ድኻ በነበረው በአየርላንድ ገበሬ ዘንድ ይህ ሞት እጅግ ጥቂት መሆኑን አስረዳ። ሰውን የሚጥለው ድንገተኛ የኑሮ መናወጥና ከወገን መለየት ነው አለ። በአሜሪካም በ1929 የገንዘብ ገበያ ከወደቀ በኋላ የዚህ ሞት ቍጥር እስከ 1932 ድረስ እየጨመረ ሄደ። ዛሬም በዓለም ላይ በየዓመቱ ከ700 ሺህ የሚበልጥ ሰው እንዲህ ይሞታል።

ይህን ይዘን ወደ ዳሞት እንመለስ። ከቡሬ እስከ ፍኖተ ሰላም ያለው አገር በቆሎና በርበሬ የሚያበቅል ለም ምድር ነው። ሆኖም ገበሬው ለማዳበሪያና ለምርጥ ዘር ይበደራል። በርበሬው በበሽታ የደረቀ፣ ወይም የእህሉ ዋጋ የወረደ እንደ ሆነ ዕዳው ሳይከፈል ይከርማል። ያን ጊዜ አባወራው አስቀድሞ ከዕቍብ ይቀራል፤ ቀጥሎ ከማኅበር፤ በመጨረሻም ከጎረቤቱ ቡና ይቀራል። ከዕዳው ይልቅ ኀፍረቱ ይከብደዋል። የሚያሰጋውም ይህ ብቸኝነት ነው።

እንግዲህ ሰው ዝም ሲል፣ እንቅልፍ ሲያጣ፣ «ብሞት ይሻላል» ሲል ቤተ ሰቡ በቀልድ አይለፈው። «ምን አስበሃል?» ብሎ በግልጽ መጠየቅ ክፉ ሐሳብ አያሳድርበትም፤ ሸክሙን ያቀልለታል እንጂ። ብቻውንም ሳይተዉ ወደ ሐኪም ይውሰዱት። የተባይ መርዝም በቤት ውስጥ በቍልፍ ይጠበቅ፤ ስሪላንካ እጅግ አደገኛ የሆኑትን የተባይ መርዞች ከከለከለች በኋላ ይህ ሞት ከግማሽ በላይ ቀንሶላታልና።

ዕዳ የምታስከፍሉ ሹማምንትም ሆይ፤ መከሩ ለጠፋበት ሰው የአንድ ዓመት ጊዜ ብትሰጡት ገንዘቡ ይዘገያል እንጂ አይጠፋም። የጠፋች ነፍስ ግን በሚቀጥለው መከር አትመለስም። ዕድርተኞችም ለቀብር የሚሰበሰቡትን ያህል ለጨነቀው ወንድማቸው ቀድመው ቢሰበሰቡ፣ ድንኳኑን ለሐዘን መትከል ባላስፈለጋቸው ነበር።