ሰፈር ሲፈርስና ሲታቀድ የማን ድርሻ ምንድን ነው?

ካዛንቺስ በአዲስ አበባ መካከል፣ በቂርቆስ ክፍለ ከተማ ያለ ሰፈር ነው። ስሙን ያገኘው ጣሊያን በወረራው ዘመን ለመንግሥት ሠራተኞቹ ካሠራቸው ቤቶች ነው። በ2017 ዓ.ም ለኮሪደር ልማት ተብሎ ብዙ ቤት ፈረሰ። ነዋሪውም ገላን ጉራን ወደመሳሰሉ አዳዲስ ሰፈሮች ተዛወረ።

የከተማ መሬት ከ1967 ዓ.ም አዋጅ ቁጥር 47 ወዲህ የመንግሥት ነው። ያን ጊዜ ትርፍ ቤት ተወረሰ። ኪራዩ በወር ከ100 ብር በታች የሆነውን ቀበሌ ያዘው። «የቀበሌ ቤት» የሚባለው ከዚያ የመጣ ነው። በካዛንቺስም ብዙ ሰው በቀበሌ ቤት ይኖር ነበር።

ፕላኑን የሚያወጣው የከተማው አስተዳደር ነው። ነዋሪውስ ምን ይደርሰዋል? የግል ቤት ያለው ለቤቱ ካሣና ምትክ ቦታ ያገኛል። መሬቱ ግን አይገመትለትም፤ የመንግሥት ነዋ! የቀበሌ ቤት ተከራይ ኮንዶሚኒየም ይገዛል፤ አለዚያ ሌላ የቀበሌ ቤት ይሰጠዋል። ኮንዶሚኒየም ማለት ብዙ ቤተሰብ ለየብቻ የሚኖርበት፣ ደረጃውና ግቢው ግን የጋራ የሆነ ፎቅ ቤት ነው። ከግለሰብ የተከራየው ባለይዞታ ስላልሆነ የካሣ መብት የለውም። እድርም አለ። ጎረቤት በየአቅጣጫው ሲበተን ግን አብሮ ይበተናል።

በ2011 ዓ.ም የወጣው አዋጅ ቁጥር 1161 ባለይዞታው ከመነሣቱ ቢያንስ ከአንድ ዓመት በፊት ይመከር ይላል። መሬቱ በአስቸኳይ ከተፈለገ ግን ጊዜው ሊያጥር ይችላል። እኔ እንደሚመስለኝ ችግሩ ያለው እዚች ቃል ላይ ነው። «አስቸኳይ» የሚለውን የሚተረጉመው የቸኮለው ወገን ነውና። ቅር ያለው ሰው ትእዛዙ በደረሰው በ30 ቀን ውስጥ ለአቤቱታ ሰሚው አካል ማመልከት ይችላል። ስለዚህ ደብዳቤ ሲደርሳችሁ ቀኑን አንብቡ፤ የተቀበላችሁበትንም ቀን ጻፉ።

ይህ የከተማ ሰው ጉዳይ ብቻ አይደለም። የቦሌ አራብሳና የኮየ ፈጬ ኮንዶሚኒየሞች የቆሙበት መሬት ቀድሞ የገበሬ ማሳ ነበር። በየካቲት 2011 ዓ.ም የኮየ ፈጬ ቤቶች ዕጣ ሲወጣ በኦሮሚያ ብዙ ከተሞች ተቃውሞ ተነሣ። ከተማው የራሱን ሰው ሲያሰፍር ማሳውን የለቀቀው ገበሬ በዕጣው ውስጥ ቦታው የት ነው? ከተቃውሞው ጥያቄዎች አንዱ ይኸው ነበር።

በዚሁ አዋጅ፣ ምትክ መሬት ሳያገኝ ለዘለቄታው ከእርሻው የሚነሣ ገበሬ ካሣ ይከፈለዋል። ካሣው የሚሰላው ካለፉት 3 ዓመታት ገቢው ከፍተኛው ተወስዶ በ15 ተባዝቶ ነው። እንግዲህ ደብተር ግዙ። በየዓመቱ ስንት ኩንታል እንዳገባችሁና በስንት እንደሸጣችሁ በገዛ እጃችሁ መዝግቡ።